የናፍጣ መኪና ቴስታታን በጠንካራ ስታድ ማሰር

ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ጭነት ይዞ የሚወጣ የናፍጣ መኪና ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በሙሉ ጉልበት ስለሚሠራ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) ወደ ላይ እየገፋ፣ በእሱና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ ሊያስተነፍሰው ይችላል። ቴስታታውን የሚያስረው ብሎን ሲጠብቅ እየተጠመዘዘ ይሳባል፤ ስታድ (በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ዘንግ) ግን ብሎኩ ላይ እንደተተከለ ዳዶው ብቻ ስለሚዞር አያያዙ የተስተካከለ ይሆናል።

ጋስኬቱ ቀድሞ ከተነፈሰ ቴስታታውን ሳያወርዱ ስታድ ብቻ መለወጥ ከንቱ ልፋት ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃውንና ዘይቱን አፍስሰው ያውርዱት፤ አለመወልገዱንም ያስለኩ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው የብሎን ቀዳዳዎቹን ነው። ታች ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ፣ ፈሳሽ ስለማይታመቅ ስታዱ ሲገባ ወይም ሲጠብቅ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ በአየር ከነፋሁ በኋላ ነጭ ጨርቅ በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልዬ እስከ ታች እሰዳለሁ፣ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እስኪወጣም እደጋግማለሁ።

ስታዱን በእጅ ብቻ ያስገቡ፤ አዲስ ጋስኬት አድርገውም ቴስታታውን ይመልሱ። የዳዶውን ጥርስና የሮንዴላውን ገጽ አብሮ የመጣውን ቅባት ቀብተው፣ ከመካከል ወደ ዳር እየሄዱ፣ የስታዱ አምራች በሰጠው ልክና ዙር በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ፤ ቅባቱ በሌላ ከተተካ ያው ቁጥር የተለየ ጥብቀት ይሰጣል። ከዚያ የቫልቩን ክፍተት ያስተካክሉ።