ከጅሬን ኮረብታ ወደ ጅማ ከተማ፦ የማለዳ የእግር ጉዞ እንዴት እንደሚደረግ

ጅማን ለመጎብኘት የመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ወደ ጅሬን ይወጣና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ በዚያው መኪና ይመለሳል። ቤተ መንግሥቱን አየ እንጂ መንገዱን አላየም፤ ለእኔ ደግሞ ከሁለቱ የሚበልጠው መንገዱ ነው። ጅሬን ከከተማው መሀል በሰሜን ምሥራቅ በኩል ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመኪና ወጥቶ በእግር ቢወርዱት፣ እያረፉና ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማለዳ ሲወርዱ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ ዓይንዎን ሳትወጋ ከፊት ለፊትዎ ያለውን ከተማ ታበራልዎታለች። ከሰዓት በኋላ የሚወርድ ሰው ይህን አያገኝም።

1. ቀኑንና ወቅቱን ይምረጡ

ከቻሉ ሐሙስ ይሁን። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው ሂርማታ በሚባለው ትልቅ ገበያ ዙሪያ ነው። የገዢዎቹ መቀመጫ ከላይ ጅሬን፣ ገበያው ደግሞ ከታች ሜዳው ላይ ነበር፤ የገበያው ቀንም ሐሙስ። ስለዚህ ሐሙስ ማለዳ ከኮረብታው የሚወርድ ሰው ብቻውን አይወርድም፤ እህል የጫነ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሸክሙን በጀርባው ያዘለ ገበያተኛ አብሮት ይወርዳል።

ከወቅቶቹ ሁሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ። ዝናቡ ቀንሷል፣ ቡናም ይለቀማል። ክረምቱ ጅማ ላይ ረጅምና ብርቱ ነው፤ በክረምት መሄድ ይቻላል፣ ነገር ግን ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

2. ከዋዜማው ይዘጋጁ

የሚይዙት ጥቂት ነው፦ ሶሉ ያልተላጠ ጫማ፣ ሲሞቅ የሚወልቅ ሹራብ፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ ለመንገድ ቡናና ለባጃጅ የሚሆን ዝርዝር ብር። የሚያወጣዎትን ባለ ባጃጅ ወይም ታክሲ ከዋዜማው ይነጋገሩት፤ ዋጋውንም ያን ጊዜ ይቁረጡ። ጎህ ሳይቀድ ግን አይነሱ። በጨለማ ጅብም ውሻም መንገድ ላይ አይጠፋም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጅሬን ቢደርሱ በቂ ነው።

3. ከመውረድዎ በፊት ላይ ይቆዩ

በዚያ ሰዓት የቤተ መንግሥቱ በር ስለማይከፈት ውስጡን ለማየት ሌላ ቀን ረፋድ ላይ ይመለሱ። ለአሁኑ ውጭውን ይመልከቱ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ። ለዐፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው ግብር በመክፈላቸው አገራቸው ከጦርነት ተርፋ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ያ ነፃነት ያበቃው በዘመናቸው ማብቂያ ገደማ ነው። በእንጨት የተሠራውን ባለ ፎቅ ቤት ሲያዩ ይህን ቢያስቡ፣ ቤቱ ለምን እስከ ዛሬ ሳይቃጠልና ሳይፈርስ እንደቆመ በከፊል ይገባዎታል።

ከዚያ ፊትዎን ወደ ከተማው ያዙሩ። ብዙ ጊዜ ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ይገኛል። ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቁ፤ መጀመሪያ የባሕር ዛፉ ጫፍ፣ ቀጥሎ የመስጊዱ ሚናሬት፣ በመጨረሻ ቆርቆሮው ይገለጣል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ጉዞውን ገና ሳይጀምር ያበላሸዋል።

4. ቁልቁለቱን በአግባቡ ይውረዱ

ቁልቁለት ሳንባን አያደክምም፤ የሚጎዳው ጉልበትን ነው። እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን በጥቂቱ አጠፍ ያድርጉ፣ ተረከዝዎን መሬት ላይ አይምቱ። ዝናብ ከዘነበ በመንገዱ ዳር ባለው ሣር ላይ ይሂዱ። የተጫነ አህያ ሲመጣ ወደ ዳገቱ በኩል ይቁሙ፤ ወደ ገደሉ በኩል ከቆሙ ጭነቱ ገፍቶ ሊጥልዎት ይችላል።

ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ሰላምታ ይስጡ። «አካም ቡልተን» ካሉ በቂ ነው፤ ኦሮምኛዎ እዚያ ላይ ቢያልቅም ሰዉ በአማርኛ ይቀጥልልዎታል። ፎቶ ለማንሳት ሲፈልጉ አስቀድመው ይጠይቁ። ሸክም ያለበትን ሰው ግን ለፎቶ አያስቁሙ፤ ሸክም ይዞ መቆም ከመሄድ ይከብዳል።

5. ቡናው ጋ ይቁሙ

ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየጓሮው፣ ቡናው ከዋንዛና ከሌሎች ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይታያል። ቀና ብለው ዛፎቹንም ይመልከቱ፤ ጥቁርና ነጭ ፀጉሩ የረዘመ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ሊያገኙ ይችላሉ።

በለቀማ ወቅት ከመጡ ባለቤቱን አስፈቅደው አንዲት ቀይ እሸት ቡና በጣትዎ ጨመቅ ያድርጉ። ሁለት ፍሬ ይወጣል፣ ጠፍጣፋ ጎናቸው ተጋጥሞ፣ በሚያሟልጭ ነገር ተሸፍኖ። ያንን የሚያሟልጭ ነገር ቢመጡት ይጣፍጣል፤ የቡና ጣዕም ግን ጨርሶ የለውም። በየደጁ ምንጣፍ ላይ የተሰጣው እሸቱ ከነገለባው በፀሐይ እየደረቀ ነው፤ ሲደርቅ ጀንፈል ይባላል። ከስጡ ላይ እንዳይረግጡ በጣም ይጠንቀቁ፤ የዓመት ልፋት ነው። በየካቲት ወይም በመጋቢት ከመጡና ከጥቂት ቀናት በፊት ዝናብ ጥሎ ከሆነ ደግሞ ቡናው ነጭ አበባ ለብሶ ሽታው ከሩቅ ይቀበልዎታል። አበባው ጥቂት ቀን ቆይቶ ስለሚረግፍ ይህን ማግኘት ዕድል ነው።

ቡና ጠጡ ካሏችሁ እምቢ አትበሉ። ጀበናው እስኪፈላ የሚያልፈው ጊዜ ከጉዞው ላይ የሚቀነስ አይደለም። በጨው ቢቀርብልዎትም ይቅመሱት፤ በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው።

6. ከተማው ሲገቡ

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ባጃጁ ይበዛል፤ ዳር ይያዙ። አዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ያልፋል። በመሀል ከተማው ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመን የሠሯቸው ሕንፃዎች እስካሁን አሉ። ቁርስ እዚህ ነው፦ በማር የተለወሰ ጨጨብሳ። ሦስት ሰዓት ለተጓዘ ሆድ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ገበያውን ከቁርስ በኋላ ያድርጉት። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከመግዛትዎ በፊት ይገልብጡት። ቀለም ያልነካው የሥሩ ክፍል እውነቱን ይናገራል፤ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ይተዉት። ከመጠኑ በላይ ከከበደ እንጨቱ ገና አልደረቀም፤ ቤትዎ ገብቶ ይሰነጠቃል። ሦስቱ እግሮች ከመቀመጫው ጋር አንድ መሆናቸውን፣ በሙጫ ወይም በሚስማር አለመያያዛቸውን በጣትዎ ዳብሰው ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ የሚሄድ ከሆነ እግሮቹን በጨርቅ ጠቅልለው ከላይ ሳይሆን ከመቀመጫዎ ሥር ያስገቡት።