ግንባሩ ላይ ወተት የደረቀበት ውርንጭላ፦ ምልክት፣ መንሥኤና መፍትሔ

አምና ኅዳር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ሜዳው በውርጭ በነጣበት ማለዳ የ3 ቀን ውርንጭላ እንዳይ ተጠራሁ። ባለቤቱ አዛውንት ጋጣው በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ መጥባቱንስ ይጠባል፤ ከእናቱ ሥር ጠፍቶ አያውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከእናቱ ሥር አልጠፋም። ግን ከሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ወተት ፈስሶ ደርቋል፤ የባዝራዋ ግት ተወጥሮ ይንጠባጠባል። «አባባ፣ ይህ ልጅ ጡት ሥር ይቆማል እንጂ አይጠባም» አልኋቸው። ወተቱ ወደ አፍ መግባቱን ትቶ ግንባር ላይ ሲፈስ፣ ሕመሙ ከጀመረ ሰዓታት አልፈዋል። ያ ውርንጭላ ለማታ አልደረሰም።

መቼ ቆመ? መቼ ጠባ? ብዬ ጠየቅሁ፤ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱብን ውርንጭላዎች፣ እኔ እንዳየሁት፣ የብዙዎቹ ነገር የሚበላሸው በዚያች ሌሊት ነው። ስለዚህ ምልክቱን ስታዩ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ለመቁጠር ጤነኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ውርንጭላ በ1 ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ የእናቱ የእንግዴ ልጅ በ3 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ጥቁሩን የመጀመሪያ ፋንድያ በመጀመሪያው ቀን ይጥላል። የሰውነቱ ሙቀት ከ37.2 እስከ 38.9 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር በእያንዳንዱ እርባታ ሊኖር ይገባል።

2 ሰዓት አለፈው፣ አልጠባም፤ ወይም ጠብቶ ዛለ

የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም መከላከያ ይወርሳል። ውርንጭላ ግን ባዶውን ይወለዳል፤ መከላከያው ሁሉ ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱ ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በማግሥቱ የሚሰጥ እንገር ሆድ ይሞላል እንጂ ደሙን አይጠብቅም።

መጀመሪያ አፉ ውስጥ ጣት አስገቡ። አፉ ከቀዘቀዘ ወተቱን አቆዩትና ውርንጭላውን አሙቁት፤ በደረቅ ጆንያ አሹት፣ ወፍራም ገለባ ጎዝጉዙለት፣ ባና አልብሱት። የቀዘቀዘ አንጀት ወተት አይፈጭም። ሲሞቅ ባዝራዋን አልባችሁ በየሰዓቱ ሩብ ሊትር ያህል ስጡት፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ቢያንስ 1 ሊትር ሊገባለት ይገባል። በጡጦ የምትሰጡት ጣታችሁን ከጠባ ብቻ ነው። ካልጠባ አፉን ፈልቅቆ ማንቆርቆር ሳንባውን ማስጠም ነውና በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ከመውለዷ በፊት ለቀናት ወተት የተንጠባጠበባት ባዝራ እንገሯን መሬት ጠጥቶታል። ለዚህ የሚሆነው ከሌላ ባዝራ የተጠራቀመ እንገር ነው። የራሷ ልጅ ከጠባ በኋላ ሩብ ሊትር አልባችሁ በማቀዝቀዣ በረዶ እስኪሆን ብታቆዩት ዓመት ይቆያል። ስትፈልጉት በሞቀ ውኃ ውስጥ አሟሙት፤ እሳት ላይ አትጣዱት፣ መከላከያው ይበላሻል።

የበቅሎ ውርንጭላ ደኅና ተወልዶ፣ ጠብቶ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ዛለ፤ ድዱና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ቀላ

በመንዝም ሆነ በጣርማ በር በቅሎ የሚያስወልድ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያንብበው፤ እስከ አሁን ያልሁት ሁሉ እዚህ ይገለበጣልና። የሚገድለው እንገሩ ነው።

በአህያ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ በፈረስ ደም ውስጥ የሌለ ነገር አለ፤ ውርንጭላው ከአባቱ ይወርሰዋል። በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ የልጇ ደም ከደሟ ጋር የተቀላቀለባት ባዝራ ይህን ባዕድ ነገር የሚያጠፋ መከላከያ ታበጃለች፤ መከላከያውም እንገሯ ውስጥ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው በቅሎ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል። ቀጣዩ ሲጠባው የገዛ ቀይ ደሙ ይፈርስበታል። እንዲህ ያለውን ሞት «መጋኛ መታው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደኅና አድሮ እንዲህ ሲሆን ማየት በእርግጥም ያስደነግጣል።

ውርንጭላው 2 ቀን ካልሞላው ወዲያው ከጡት ለዩት። ከእናቱ አታርቁት፤ በርብራብ ለይታችሁ እንዲተያዩ አድርጉ። የእሷን በየሁለት ሰዓቱ እያለባችሁ ድፉት፤ ለእሱ የሌላ ባዝራ ወተት ስጡት። ከ48 ሰዓት በኋላ ወደ እናቱ ይመለሳል። አታሩጡት፣ በፀሐይ አታንገላቱት፤ ደሙ ትንሽ ነውና ልቡ አይችልም። ድዱ ከገረጣና ትንፋሹ ከበዛ ደም የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ነው፤ የአህያ ደም ግን አይሆነውም።

አንድ በቅሎ እንዲህ የሞተባት ባዝራ ዳግመኛ ከአህያ ካረገዘች፣ ምጧ ላይ ሰው ይገኝ። በቅሎ አርግዛ ከማታውቅ ባዝራ የተቀመጠ እንገር አዘጋጁ፤ የእሷን ልጁ ሳይቀምሰው አልባችሁ ድፉ። ወይም በድንጉላ ፈረስ አስጠቋት፤ የፈረስ ልጅ ከዚህኛው ጣጣ ነፃ ነው።

አነከሰ፤ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ አበጠ

«እናቱ ረግጣው ነው» የሚለው መልስ ብዙ ውርንጭላ አስፈጅቶብናል። እብጠቱን ዳስሱ፤ ሙቀቱንም ለኩ። መገጣጠሚያው ከሞቀና ትኩሳት ካለው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ በእትብት የገባ ተሕዋስ ነው ብላችሁ ያዙት። እትብቱ ረጥቦ ወይም ወፍሮ ታገኙት ይሆናል። እዚህ አካባቢ ጅብ ስለሚፈራ ባዝራዋ የምትወልደው በጠባብ፣ ፋንድያ በተጠራቀመበት ጋጣ ነው፤ እርጥብ እትብት እዚያ ላይ ይተኛል።

ሐኪም በዚያው ቀን ይየው፤ ለነገ የተላለፈ መገጣጠሚያ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል። ከሌላ ከብት የተረፈ መርፌ አትውጉት። ለመከላከል ደግሞ ጋጣውን ጠርጋችሁ በደረቅ ገለባ ጎዝጉዙ፤ እትብቱን አትቁረጡ፣ በራሱ ይበጠሳል። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በክሎርሄክሲዲን (ተሕዋስ ገዳይ የቁስል ማጽጃ ነው) ንከሩት፤ 2 በመቶ የሆነውን 1 እጅ ከ3 እጅ ንጹሕ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ኃይለኛ አዮዲን ቆዳውን ያቃጥላል።

ያምጣል፣ ጭራውን ያነሣል

ጀርባውን ቆልምሞ የሚያምጥ የመጀመሪያው ፋንድያ ደርቆበታል። ሩብ ሊትር ለብ ያለ፣ ለስላሳ ሳሙና የነካው ውኃ በለስላሳ የጎማ ቱቦ ቀስ ብሎ ይፍሰስለት፤ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ሐኪም ይምጣ። ወገቡን አስግጎ የሚያምጥ፣ ሽንቱ ጠብ የሚል፣ ሆዱም የሚነፋ ከሆነ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ ፊኛው ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቀዶ ሕክምና ነው።

ያስቀምጠዋል

ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ እየጠባና እየፈነጨ ከሆነ ተዉት፤ አንጀቱ ምግብ እየለመደ ነው። ጭራውንና ጭኑን እጠቡለት፣ ቅባት ቀቡት። መጥባት ካቆመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ቅዘኑ ደም ካለው ግን ሰዓት ሳትቆጥሩ ሐኪም ጥሩ።

ወደ 3 ወር ሲጠጋ ሆዱ ተነፍቶ ፀጉሩ ከቆመ ወስፋት ጠርጥሩ። ለበግ የተገዛ መድኃኒት በግምት አትስጡት፤ ወስፋቱ በአንድ ጊዜ ሞቶ አንጀት ሊዘጋም ይችላልና ዓይነቱንና መጠኑን ባለሙያ ይወስን።

ሐኪም ስትጠሩ የተወለደበትን ሰዓት፣ መጀመሪያ የጠባበትን ሰዓት፣ ሙቀቱንና የድዱን ቀለም ንገሩት። የእንግዴ ልጁን ለውሻ አትጣሉ፤ በባልዲ ውኃ ውስጥ አስቀምጡልን። ጫፉ ተቀዶ ቀርቶ እንደሆነ ዘርግተን እናያለን፤ 3 ሰዓት አልፎ ካልወጣ ደግሞ አትጎትቱት፣ መሬት እንዳይነካና እንዳትረግጠው ጠቅልላችሁ እሰሩና ደውሉ።