መጀመሪያ እናቱን እዩ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር «ንጹህ ጀርመን ሸፐርድ ነው» ተብዬ ቡችላ ገዛሁ። ሲያድግ ክልስ ሆኖ አገኘሁት። እወደዋለሁ፤ የከፈልኩት ግን የንጹህ ዘር ዋጋ ነበር።

እናቱን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ሻጩ ቤት በጠዋት ሂዱ። ድሬ ፀሐዩ ከበረታ ውሾቹ ጥላ ስር ተዘርግተው ነው የምታገኟቸው፤ ቁመናቸው አይታይም። ሜትር ያዙ። ያደገች ሴት ውሻ ከመሬት እስከ ትከሻዋ ከ55 እስከ 60 ሴንቲሜትር ትሆናለች፤ ወንዱ ከ60 እስከ 65። ፀጉሯን በጣት ግለጡት፤ ከስር ሌላ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር መኖር አለበት።

የቡችላው ጆሮ ወድቆ ብታዩ አትደንግጡ። ሲወለድም እንዲያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቆማል።

መልክ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የእናትና የአባቱን የዘር ሐረግ ወረቀት ጠይቁ። 8 ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ከእናቱ አትለዩት፣ አደራ።