ከካስልተን መንደር ወደ ማም ቶር በእግር

በእንግሊዝ ደርቢሸር ለምትገኘው ካስልተን የሚያስፈልግዎ ካርታ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ የካርታ ድርጅት) ኤክስፕሎረር ኦኤል 1 (OL1) ነው። 4 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለእግረኛ የተፈቀዱት መንገዶች በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ተሥለዋል። መንገድ ላይ ቀስቶቹን ይከተሉ፦ ቢጫ ለእግረኛ፣ ሰማያዊ ለፈረስና ለብስክሌትም ጭምር ነው።

ከመንደሩ በሆሎፎርድ መንገድ ወደ ሰሜን ይውጡ። ሽቅቡ ሸንተረሩ ዝቅ ያለበት ሆሊንስ ክሮስ ያደርስዎታል። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈው እስከ ማም ቶር ተራራ አናት፣ 517 ሜትር፣ ይዝለቁ። ሰዓት ሲያሰሉ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ይያዙና በየ100 ሜትሩ ሽቅብ 10 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ብዙዎች ይህን ጭማሪ ዘንግተው ይመሽባቸዋል።

ለመመለሻ አሮጌውን የመኪና መንገድ እንመርጣለን። ተራራው እየተንሸራተተ ስላስቸገረ በ1979 ለመኪና ተዘግቷል። ስንጥቁ ጋ ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ በየጥገናው የፈሰሰው አስፋልት ንብር በንብር ተደራርቦ ይታያል። ጠርዙ ሹል ነውና ዝናብ ሲኖር ይጠንቀቁ።

የእርሻ በር ተዘግቶ ካገኙት ይዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኙት ይተዉት፤ ገበሬው ከብቱን ውኃ ሊያጠጣ ከፍቶት ይሆናል። ጥጃ ካላቸው ላሞች ዞር ብለው ይለፉ። ውሻ ይዘው ላሞቹ ከመጡብዎ ገመዱን ይልቀቁ፤ የሚያሳድዱት እሱን ነው፣ ሮጦም ያመልጣል።