ሻሽ አስሮ ከማሳቅ ወደ ቲቪ አቅራቢነት፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ሰርግ ላይ ሻሽ አስረህ መቀነት ታጥቀህ «እትዬ» ሆነህ ስትገባ ድንኳኑ በሳቅ ሚናወጥልህ ልጅ ከሆንክ ይሄ ላንተ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ሶስት ዓመት በአክስቴ ቀሚስ እንጀራ በልቻለሁ፣ አሁን ማይክ ይዤ ሰው ነው ምጠይቀው፣ እና መንገድ ላይ እየያዛችሁ «እንዴት ተሻገርክ» ስለምትሉኝ ነው ምፅፈው።

መጀመሪያ ሴትዮዋን ከምታውቃት ሰው አውጣት። ድምፅ አቅጥኖ ወገብ ማወዛወዝ አምስት ደቂቃ ያስቃል፣ ከዛ በቃ። እኔ የተማርኩት ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ምትሸጥ እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው፣ ሰው ዋጋ ሲከራከራት ዝም ብላ በርበሬውን ትሸፍንና «አብሽር የኔ ልጅ፣ እናትህ ስትመጣ እሸጥላታለሁ» ትላለች፣ ሰውየው አፍሮ ይገዛል። እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ፖል ኦግሬዲም ሊሊ ሳቬጅ ምትባል ምላሰኛ ሴት ሆኖ ነው ታዋቂ የሆነው፣ ሳቬጅ እናቱ ሳታገባ በፊት የነበራት ስም ነው። ከዛ በፊት ለንደን ካምደን ውስጥ ወላጅ ሲታመም ቤት ድረስ ሄዶ ልጅ ሚጠብቅ ተቀጣሪ ነበር፣ ስንት ጓዳ እንዳየ አስበው።

ልብስ ላይ አንድ ነገር፣ ሂጃብም የመነኩሲት ቆብም አትንካ። ወሎ ሰርግ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ነው ሚቀመጠው፣ ከተቀየሙህም አብረው ነው።

«ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ» ሚል አጎት አይጠፋም። የኔውን ዝም ያሰኘሁት በአባባ ተስፋዬ ነው፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ መድረክ ላይ ሴት ሆነው ተጫውተዋል፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል፣ ከዛ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በቴሌቪዥን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። አጎቴ ራሱ በሳቸው ተረት ነው ያደገው፣ ምን ይበል።

ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ ሻሹን ባንዴ አትፍታ። ፖል እ.ኤ.አ ከ1997 እስከ 2002 ሊሊን እንደሆነ የቲቪ ጥያቄና መልስ ጨዋታ አቀረበ፣ ዊጉን አውልቆ በራሱ ስም የየቀን ሾው የጀመረው በ2004 ነው። አንተም መጀመሪያ «እትዬ» እንግዳ ትጠይቅ፣ በስልክ ቅረፀው፣ ከዛ መግቢያውን አንተ ጥያቄውን እሷ፣ ቀስ እያልክ እሷን ቀንሳት።

ሚከብደው መስማት ነው። ኮሜዲያን ዝምታ ሲያይ ይደነግጣል፣ አቅራቢ ደሞ ዝምታውን ካልጠበቀ ምንም አያገኝም። አንዴ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ስለ ሞተ ልጃቸው ሊያወሩ ትንፋሽ ሲወስዱ እኔ ቀልድ ወረወርኩ፣ ፈገግ ብለው ስለ ጥለት ማውራት ቀጠሉ፣ ስለ ልጁ ዳግም አላነሱም። ከዛ ወዲህ መልስ ሲያልቅ በልቤ እስከ ሶስት እቆጥራለሁ።

ቴክኒኩ ብዙ አያስቸግርም። አንገት ላይ ምትሰካዋን ትንሿን ማይክ ግዛ፣ ደሴ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትቅረፅ ዝናቡ ይውጥሃል፣ ኮምቦልቻ ደሞ ከቀትር በፊት ጨርስ ሙቀቱ ሜካፑን አገጭህ ላይ ያወርደዋል። ጣቢያ ስትሄድ ሲቪ ሳይሆን ሶስት አጫጭር ቪዲዮ ያዝ፣ ክፍያውንም በወረቀት አድርግ፣ እኔ አንዱ ጋ «ለሙከራ ነው» እየተባልኩ አራት ወር በነፃ ሰርቻለሁ።

ደሞ ሴትዮዋን ዝም ብለህ አታጥፋት፣ ሰው ይወዳታል፣ የት እንደሄደች ንገረው። ፖል ሊሊን ፈረንሳይ ገዳም ገባች ብሎ ነው የሸኛት፣ እኛ ጋ ይሄ አይሞከርም፣ የኔዋን አረብ አገር ሄደች አልኩ። እስካሁን ባቲ ገበያ ሚያገኙኝ እናቶች «ብር ላከች ወይ?» ይሉኛል።