ሁለቱ ኮምቦቦክሶች አብረው ሲቀየሩብኝ

በዊንዶውስ ፎርምስ (የዊንዶውስ ፕሮግራም መስኮቶችን መሥሪያ) የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ፎርሙ ላይ «መነሻ» እና «መድረሻ» የሚሉ ሁለት ኮምቦቦክሶች (ከዝርዝር መምረጫ ሳጥኖች) አሉ። መነሻውን ባሕር ዳር ስለው መድረሻውም ወዲያው ባሕር ዳር ይሆናል። ጎንደር ስለው ሁለቱም ጎንደር! ግማሽ ቀን የኢቨንት ኮዴን (ምርጫ ሲቀየር የሚሠራውን) ስበረብር ቆየሁ፤ እሱ ግን ምንም አልነበረበትም።

ለካ ለሁለቱም ዳታሶርስ (የምርጫዎቻቸው ምንጭ) አድርጌ የሰጠኋቸው አንድ የከተሞች ሊስት ነው። ፎርሙ ደግሞ ለአንድ ሊስት የሚይዘው የተመረጠው የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ጠቋሚ ብቻ ነው። አንዱ ኮምቦቦክስ ሲያንቀሳቅሰው ሌላውም ይከተላል።

ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ባይንዲንግ ሶርስ (በሊስቱና በኮምቦቦክሱ መካከል ሆኖ የራሱን ጠቋሚ የሚይዝ) ፈጠርኩ፤ ሊስቱ ያው ነው፣ መቅዳት እንኳን አላስፈለገም። አሁን መነሻው ባሕር ዳር፣ መድረሻው ጎንደር ሆኖ ይቆያል። ፎርሙ ሲከፈትም የመድረሻውን ሰሌክትድ ኢንዴክስ (የተመረጠውን ተራ ቁጥር) -1፣ ማለትም ምንም ያልተመረጠ፣ አደረግኩት። ባዶ ካልሆነ ትኬት ቆራጩ ሳያስተውል የመጀመሪያዋን ከተማ ይዞ ሊያልፍ ይችላል።