ሌባ አስጋሪ የሚያዘው ዳር ላይ ነው፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲጠጉ መጀመሪያ የሚሰለፉት አባ ኮዳ ወፎቹ ናቸው። ቀጥሎ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ኋላ እኛ ተቆጣጣሪዎቹ። ሥራችን መረብና ዓሣ መለካት ነው። በየጊዜው አዳዲስ ልጆች ለልምምድ ይላኩልናል። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው ይመጣሉ። ስለ ውቅያኖሱ ሕገወጥ ዓሣ ማስገር ሲነሳም የሚያወሩት ያንኑ ስህተት ነው። አንዴ ጽፌው ልረፍ።

«ባሕር የለንም፣ ምን አገባን»

ሱቅ ግቡና አንድ የቱና ጣሳ አንሱ። ያ ዓሣ ከሐዋሳ ሐይቅ አልወጣም።

ውሃ ላይ ማሳደድ

የአዲስ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁሌም «ፈጣን ጀልባ የለንም?» ነው። ቢኖርስ? ውሃው ሰፊ ነው፣ ሌሊቱ ጨለማ ነው፣ ቤንዚኑ ውድ ነው። ሌባው ግን የትም ቢዞር ዳር መውጣቱ አይቀርም።

ውቅያኖስ ላይም ያው ነው። መርከብ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ጥገና ይፈልጋል፣ የጫነውን ማራገፍ አለበት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) አባላት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቁት የወደብ አገሮች እርምጃ ስምምነት መነሻው ይኸው ነው። 25 አጽዳቂ እስኪሞላ ተጠብቆ ሥራ ላይ የዋለው ጁን 5 ቀን 2016 ነው። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። የውጭ አገር የዓሣ መርከብ ለዚሁ በተመረጠ ወደብ ብቻ ይገባል፣ ያውም አስቀድሞ ጠይቆ። ማን እንደሆነ፣ በምን ፈቃድ እንዳሰገረ፣ ምን ያህል እንደጫነ፣ ከሌላ መርከብ ላይ የተቀበለው ዓሣ ካለም ያንን ይናገራል። ጥርጣሬ ካለ ይፈተሻል። በሕገወጥ መንገድ ማስገሩ ከታወቀ ማራገፍም፣ ነዳጅ መቅዳትም አይችልም። ባንዲራውን የሰጠው አገርም እንዲያውቅ ይደረጋል።

ስም ማመን

እዚህ ጀልባ ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ «አዲስ ጀልባ ነው» ብለው የሚመዘግቡ ልጆች አሉኝ። ቀለም እኮ ነው! ኤስ ቲ ኤስ-50 የተባለውን መርከብ ታሪክ የምነግራቸው ለዚህ ነው። በደቡብ ውቅያኖስ ቱዝፊሽ የሚባለውን ውድ ዓሣ በሕገወጥ መንገድ ሲያወጣ የኖረ መርከብ ነው። አንድሬይ ዶልጎቭ ተብሏል፣ ሲ ብሪዝ 1 ተብሏል፣ አይዳ ተብሏል። ባንዲራም ሲቀያይር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞዛምቢክ ማፑቶ ላይ ታግዶ ነበር፤ ከዚያም ሹልክ አለ። በኢንተርፖል ጥያቄ የኢንዶኔዥያ ባሕር ኃይል በዚያው ዓመት ኤፕሪል ያዘው። 600 ያህል መረብ ተገኘበት፤ ቢዘረጋ እስከ 29 ኪሎ ሜትር የሚደርስ።

ስም ይቀየራል፣ ቀለም ይቀየራል። መርከቡ እስኪሰባበር ድረስ የማይቀየረው 7 አሃዝ ያለው የአይ ኤም ኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት) መለያ ቁጥሩ ነው። መታመን ያለበት ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይደለም። በእኛ ሐይቅ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ስለዚህ እኔ የጀልባውን ጎን ትቼ ውስጡን፣ የተጠገነበትን ቦታ አያለሁ።

ላይ ላዩን ማየት

ይኼ የራሴ ነው። በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ሳጥን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ቀረበልኝ። ላዩ ላይ ያሉት አንድ ክንድ የሚያክሉ ናቸው። ለካሁ፣ ፈረምኩ፣ ደስ አለኝ። አጠገቤ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ እናት ነበሩ። «አንተ ልጅ፣ ሥሩን አየኸው?» አሉኝ። ሳጥኑን ገለበጥኩት። ከሥር መዳፍ የማይሞላ ጫጩት ሁሉ ተቆልሏል። እሳቸው ሳቁ፣ ባለጀልባውም ሳቀ፣ እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

በወደብም የመርከቡ መዝገብ የሳጥኑ ላይ ማለት ነው። በሚያምር ጽሑፍ የተሞላ መዝገብ ሲያዩ ተደስተው የሚፈርሙ አሉ። ተቆጣጣሪ ወደ መርከቡ ሆድ፣ ወደ በረዶ ቤቱ መውረድ አለበት። የተጻፈው ኪሎና የተቆለለው ኪሎ ይገጥማል? የተጻፈው የዓሣ ዓይነትና ያለው ዓይነትስ?

ደረቅ መረብ መለካት

የመረብ ዓይን፣ ማለትም ቀዳዳው፣ የሚለካው እርጥቡን፣ ዘርግቶ ነው። በቃ።

ሁሉንም መከልከል

ጥብቅ ነኝ የሚል ልጅ በር መዝጋት ብቻ ይወዳል። ሰው ታሞበት ወይም ሞተሩ ሞቶ የመጣ መርከብ ለእርዳታ ብቻ እንዲገባ ስምምነቱ ራሱ ይፈቅዳል። ሌላ ወደብ ላይ የተራገፈ ዓሣ ብቻ የጫነ የኮንቴይነር መርከብ ደግሞ በሕገወጥ ማስገር የሚያስጠረጥር ግልጽ ምክንያት ከሌለ በዚህ ስምምነት አይገባም። ይኼንን ሳያጠኑ መጮህ ያሳፍራል።

አንድ ዳር ዘግቶ መኩራራት

እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም። ሐይቃችን የሲዳማም የኦሮሚያም ነው። ዳሩ ብዙ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ የሌሊት መረቡም ይበዛል። አንድ ጠዋት የታወቀ ጀልባ እኛን አይቶ ዞረ። «አባረርነው!» ብዬ ለልጆቹ ሻይ ጋበዝኩ። ረፋዱ ላይ በቢጫ ገመድ የታሰረ ሳጥን በባጃጅ መጣ። ያንን ገመድ ጠዋት ጀልባው ላይ አይቼዋለሁ። በወዲያኛው ዳር ወርዶ በአስፋልት ዞሮ እኛው ገበያ ገባ። ያባረርነው ዓሣውን ሳይሆን ራሳችንን ነው።

የወደብ ነገርም ከዚህ አይለይም። አንዱ አገር ከልክሎ ጎረቤቱ ከተቀበለ፣ ከልካዩ ገቢ አጣ፣ ሌባው ጥቂት ቀን አባከነ፣ ዓሣው ተሸጠ። ቁጥጥር የላላበት ወደብ በመርከብ ሰው ዘንድ ቶሎ ይታወቃል፤ እንደ ርካሽ ሆቴል ነው። ስምምነቱ አገሮች የከለከሉትንና የፈተሹትን እንዲነጋገሩበት የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ፋኦም ለዚሁ የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት አለው። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክና ጎረቤቶቻቸው ፊሽ-አይ አፍሪካ በሚል ትብብር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እየተደዋወሉ መሥራት የጀመሩትም ለዚሁ ነው።

እኔም አሁን በወዲያኛው ዳር የሚሠራውን ባልደረባዬን ስልክ ይዣለሁ። ጀልባ ሲዞር ሻይ አልጋብዝም፣ እደውላለሁ። «ቢጫ ገመድ» ስለው ይገባዋል። ኔትወርክ ካለ።